የልጄ የወተት ጥርስ ወለቀ፤ ለምን መልሰው አልተከሉትም?

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የምጽፈው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ልጄ ተኝቷል፤ እኔን እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል።

ልጄ ሁለት ዓመት ከአራት ወሩ ነው። እሑድ ቡና አፍልቼ ነበር። ቄጤማ ጎዝጉዣለሁ፤ ወለሉ ሴራሚክ ነው። እርጥብ ቄጤማ ሴራሚክ ላይ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሮጦ ሲመጣ አዳለጠውና በአፉ የረከቦቱ ጠርዝ ላይ ወደቀ። የከሰል ምድጃው አጠገቡ ነበር፤ እሱን ሳስበው አሁንም ያንቀጠቅጠኛል።

ሳነሳው አፉ ደም በደም ነው። ከላይ ካሉት ሁለት የፊት ጥርሶቹ የቀኙ ከነሥሩ ወልቆ ቄጤማው ውስጥ አገኘሁት። የግራው ደግሞ ወደ ላይ ድዱ ውስጥ ገብቶ ጫፉ ብቻ ይታያል። የወለቀ ጥርስ ወተት ውስጥ ይቀመጣል ሲባል ሰምቼ ስለነበር በቡና ሲኒ ወተት ቀድቼ፣ ጥርሱን ጨምሬ ሮጥኩ።

መጀመሪያ የገባንበት የሰፈር ክሊኒክ ጥርሱ ቶሎ መመለስ አለበት፣ እኛ ጋ ግን አይሠራም አለን። የአንቲባዮቲክ ሽሮፕ አዞ ወደ ሌላ ላከን። ሁለተኛው ጋ የጥርስ ሐኪሙ ሲኒዬን አየና ፈገግ አለ። የወለቀውን አልመልሰውም፣ የገባውንም አልነካውም አለ። ራጅ አነሳው፣ ቀጠሮ ሰጠን፣ በቃ። ላቤ እስኪንጠፈጠፍ ሮጬ ጥርሱን በሲኒ ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ጥያቄዬ ይሄው ነው። ሐኪሙ ልክ ነው ወይስ ሰነፈብኝ? የገባው ጥርስስ ይወጣል?

ይህን ከጻፍኩ አምስት ወር አለፈ። ክሩ ከአርባ መልስ በላይ ሆኗል። አዳዲስ ወላጆች ሁሉንም ማንበብ እያቃታቸው ያንኑ ጥያቄ ከታች ይደግሙታል። ስለዚህ መልሶቹን በቁጥራቸው፣ በራሴ አነጋገር ልተርካቸው። የዘለልኳችሁ ቅር አይበላችሁ።

1. የመጀመሪያዋ መላሽ የሐዋሳ እናት ናት። ከጥርሱ በፊት ስለ ጭንቅላቱ ነው የጠየቀችኝ። ራሱን ስቶ ነበር ወይ? አስመልሶታል? ከወትሮው ውጪ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል? አፉን የተመታ ልጅ ጭንቅላቱንም ተመትቶ ሊሆን እንደሚችል የታሰበኝ ያኔ ነው። ደግነቱ አንዱም አልነበረበትም። ስለ ጥርሱ ግን ሐኪሙ ሰንፏል ባይ ናት። ወንድሟ በ11 ዓመቱ ኳስ ሲጫወት የወለቀ ጥርሱ ተመልሶለት እስከ ዛሬ ይበላበታል። እህቴ እያለች በፍቅር ነው የጻፈችው፤ ንዴቴን ግን እጥፍ አደረገችው።

2. ሰላምታ የለው፣ አይዞሽ የለው። የሁለት ዓመት ልጅ ባለበት ቤት ከሰል መሬት ላይ ምን ይሠራል የሚል አንድ መስመር ነው።

3. ለሁለተኛው የተሰጠ መልስ። ወንድም ሳትሆን አትቀርም፣ ልጅ ይዘህ ቡና አፍልተህ አታውቅም የሚል መንፈስ ነበረው። ከዚህ በኋላ የረከቦት ጦርነት ተከፈተ። 4፣ 5 እና 7 ቁጥር ስለ ጥርስ አንዲት ቃል የላቸውም። አንዷማ ከፍ ያለ ረከቦት መርካቶ የት እንደሚሸጥ ጠይቃለች። አልፋቸዋለሁ።

6. ነገሩን መስመር ያስያዘው ይህ መልስ ነው። ጎንደር የሚሠራ የሕፃናት ጥርስ ሐኪም ነኝ ያለ ሰው ጻፈ። ሁለተኛው ሐኪም ትክክል ነው አለ። የወለቀ የወተት ጥርስ አይመለስም። ምክንያቱን እንዲህ አስረዳን። ከወተት ጥርሱ ሥር ጫፍ አጠገብ፣ ወደ ኋላ በኩል፣ ቋሚው ጥርስ አጥንቱ ውስጥ ገና እየተሠራ ነው። ለስላሳ ነገር ነው። የወለቀውን ወደ ጉድጓዱ መልሶ መግፋት የረጋውን ደምና የጥርሱን ሥር ወደዚያ መግፋት ነው። የተመለሰው ጥርስ ደግሞ ሊያመረቅዝ ይችላል፤ ያ መግል የሚደርሰው እዚያው ነው። በዚያ ላይ የሁለት ዓመት ልጅ አፉን ከፍቶ ጥርሱ እስኪታሰርለት አይቀመጥም። ተላቆ ወደ አየር ቧንቧው ቢገባስ? በጥርስ ጉዳት ላይ የሚሠሩ ሐኪሞች ዓለም አቀፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባደሰው መመሪያም ይኸው ሰፍሯል።

ታዲያ ወተቱስ? ወተቱ ለቋሚ ጥርስ ነው አለ። እኔ የሰማሁት እውነት ነበር፤ የሰማሁት ግን ስለ ሌላ ጥርስ ነው።

ያልጠበቅኩትን ነገርም አነሳ። ጥርሱ መገኘቱ ትልቅ ነገር ነው አለ፤ ለመመለስ ሳይሆን ለመቁጠር። ልጅ ወድቆ ጥርሱ ካልተገኘ አራት ቦታ ሊሆን ይችላል፦ ሆድ ውስጥ፣ ሳንባ ውስጥ፣ የተቀደደው ከንፈር ውስጥ፣ ወይም ደግሞ ጨርሶ ሳይወልቅ ድድ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ገብቶ። የወተት ጥርስ ነው፣ ይተካል ብሎ ቤት መቀመጥ የማይገባው ለዚህ ነው። ከወደቀ በኋላ የሚያስል ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ልጅ ደግሞ የጥርስ ክሊኒክ ሳይሆን ድንገተኛ ክፍል ነው የሚሄደው።

8. የሐዋሳዋ እናት ተመልሳ መጣች። ስላሳሳትኩሽ ይቅርታ አለችኝ። ይህን የሚያደርግ ሰው እዚህ መድረክ ላይ ብርቅ ነው። ቀጥላ ግን ሁላችንም መጠየቅ የነበረብንን ጠየቀች። አንድ እናት ደም በደም ሆና ቆማ የወተቱን ከቋሚው በምን ትለየው?

9. ሐኪሙ ዕድሜውን አስቀደመ። የወተት ጥርስ በጠቅላላው 20 ነው፤ መርገፍ የሚጀምረው 6 ዓመት አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት የወለቀ የፊት ጥርስ የወተት ነው ብሎ ማሰብ ይቻላል። የሚያደናግረው ከ6 እስከ 8 ያለው ነው፤ በአንድ አፍ ሁለቱም ይኖራሉ። የወተቱ ትንሽና ነጭ ነው። ቋሚው ሰፋ ይላል፣ ትንሽ ወደ ቢጫ ያደላል፣ አዲስ ሲሆን ጫፉ እንደ መጋዝ ጥርስ ጥርስ ያለው ነው። ካልለየላችሁ አትመልሱት፤ ወተት ውስጥ አድርጉና ሩጡ አለ። ይህን መልስ ፎቶ አንስቼ የፍሪጁ በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

10. አዳማ መድኃኒት ቤት የሚሠራ ሰው ስለ ሽሮፑ ገባ። የተጀመረ አንቲባዮቲክ አይቋረጥም፣ የአፍ ቁስል ደግሞ በቀላሉ ይመረቅዛል ባይ ነው።

11. ሐኪሙ እዚህ ላይ ትሕትናው አለቀ። የወተት ጥርስ ስለተነቃነቀ ወይም ስለገባ ብቻ አንቲባዮቲክ የሚያሳዝዝ ነገር የለም አለ። ቁስሉ በአፈር የቆሸሸ ወይም ልጁ ሌላ ሕመም ያለበት ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። ያለ ምክንያት ሽሮፕ የሚቸበችብ ሰው ነገ መድኃኒት የማይበግረው ተህዋስ ሲመጣ አይገረም አለ። የአዳማው ሰው ሽሮፑን ያዘዝኩት እኔ ነኝ እንዴ ብሎ ተቆጣ። እውነቱን ነው፤ እሱ አላዘዘም። ሁለቱ እስከ 15 ቁጥር በነገር ሲጎሻሸሙ ቆዩ። መሀል ላይ ግን የአዳማው አንድ ጥሩ ነገር ጣል አድርጓል፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱን አይታችኋል ወይ ብሎ። የክትባት ካርዱን ፈልጌ አየሁ፤ የ6፣ የ10 እና የ14 ሳምንቱን ሁሉንም ወስዷል።

12. በዚሁ መሀል አንድ ሰው ቅርንፉድ አኝኮ መትፋት፣ ካልሆነም ጥጥ አረቄ ነክሮ ድዱ ላይ መያዝ ፍቱን ነው አለ። የዘመኑ ልጅ ቅምጥል ሆኖ ነው እንጂ እኛ በዚህ ነው ያደግነው ብሎም ጨመረ። ከመልሶቹ አንዱ ለሁለት ዓመት ሕፃን አረቄ የሚያጠጣ ፖሊስ ነው የሚጠራበት የሚል ነበር። ቅርንፉዱም የቆሰለ ድድ ያቃጥላል ተባለ። ሰውየው ማጠጣት አላልኩም፣ መያዝ ነው ያልኩት ብሎ ተከራከረ። እንዳትሞክሩት።

13. አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች ነርስ ግን ለኔ የሚያስፈልገውን በሙሉ ነገረችኝ። የሷ ልጅም በአንድ ዓመት ተኩሏ ደረጃ ላይ ወድቃ ጥርሷ ድድ ውስጥ ገብቶ ነበር። ለሰባት ቀን ያህል ለስላሳና ለብ ያለ ምግብ ብቻ፦ አጥሚት፣ እርጎ፣ ሽሮ ፍትፍት ያለ በርበሬ። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ከልጁ ዓይን ይሰወር። ጡጦ ቢቀር ይሻላል። ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ ለስላሳ ብሩሽ። በቀን ሁለቴ ደግሞ አልኮል የሌለበትን ክሎርሄክሲዲን የሚባል የአፍ ማጽጃ፣ ከ0.1 እስከ 0.2 በመቶ የሆነውን፣ በጥጥ ነክሮ ድዱን መጥረግ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል በኪሎው ልክ፤ አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም። እብጠቱን በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ። ብሩሹን እኔ ፈርቼ ትቼው ነበር። ደም የሚያመጣው ብሩሹ ሳይሆን ያልጸዳው ድድ ነው አለችኝ፤ በማግስቱ ጀመርኩ።

የልጇ ጥርስስ? ማንም ሳይነካው በአራት ወሩ ራሱ ወረደ። ሐኪሙም ከታች ይህን አጽድቋል። ወደ ድድ የገባ የወተት ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ወር ውስጥ ይመለሳል፤ እስከ ዓመት የሚቆይም አለ። ድሮ ወደ ቋሚው ጥርስ አቅጣጫ ከገባ ይነቀል ይባል ነበር። አሁን ግን በየትኛውም በኩል ይግባ፣ መጀመሪያ መጠበቅ ነው።

16. ፍራንክፈርት ያለ አባት ቀለም የለወጠ ጥርስ ፎቶ ለጠፈ። ሴት ልጁ ከወደቀች በሦስተኛው ሳምንት ጥርሷ አመድ መሰለ። እናትየው ትነቀል ትላለች፤ አያትየዋ በስልክ ከአዲስ አበባ ሞቷል እያለች ታለቅሳለች። የሐኪሙ መልስ ግራጫ መሆኑ ብቻውን በሽታ አይደለም የሚል ነው። አንዳንዱ በወራት ውስጥ ይነጣል፤ አንዳንዱ ወደ ቢጫ ይሄዳል፤ አንዳንዱ እንደጠቆረ እስኪረግፍ ይቆያል። የሚያስፈራው ድዱ ላይ ብጉር የመሰለ ነገር ሲወጣ፣ ሲያብጥ፣ መግል ሲታይ፣ ወይም ጸንቶ የነበረው ጥርስ እንደገና ሲነቃነቅ ነው። አባትየው ይህን ለአያትየዋ ማን ያስረዳልኝ አለ። እሱ ላይ ማንም አልመለሰም።

17. ይህን መልስ ሳነብ አልቅሻለሁ። ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራ እህት ናት። በድምፅ ቀድታ ስልኳ የጻፈላት ይመስለኛል፤ ነጥብ የሚባል የለውም። የምትጠብቀው የአራት ዓመት ልጅ መታጠቢያ ቤት ወደቀ። ጥርሱ አልወለቀም፤ ወደ ምላሱ ታጥፎ አፉ አልገጥም አለ። እሷ ንጹሕ ጨርቅ ይዛ፣ ደሙን አፍና፣ ለእመቤቷ ደወለች። ሐኪሙ አደንዝዞ አቃናው። ልጁ ዳነ። እሷ ግን ገፍተሽው ነው ተብላ የወር ደመወዟ ተያዘ። የኔን ጽሑፍ አይታ የጠየቀችው ስለ ደመወዟ አይደለም። በእጄ ላቃናው ይገባኝ ነበር ወይ ነው ያለችው። ልጁ እስኪታከም አንድ ሰዓት ሲያለቅስ እዚያው አጠገቡ ነበረች።

ሐኪሙ ቶሎ ነው የመለሰላት፤ እህቴ ብሎ፣ በጣም በለዘበ ቃል። አለመንካትሽ ልክ ነው አላት። ታጥፎ አፍ እንዳይገጥም ያደረገ ጥርስ ግን ለመጠበቅ ከተባለው ሕግ ውጪ ነው፤ በሐኪም እጅ ዛሬውኑ መታየት አለበት። ከሷ በኋላ አሥር ሰው ያህል አይዞሽ ብሏታል። ቁጥር 2 ሳይቀር።

18. አንድ አዛውንት፣ አንቱ ነው የምንላቸው፣ ስለ ወለቀው ጥርስ ጠየቁ። ጣሪያ ላይ ወረወርሽው ወይ አሉኝ። እኔ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነኝ። የማንን ጣሪያ ልወርውር?

19-22. እዚህ ጨዋታ መጣ። ሲወረወር የሚጠራው ማን እንደሆነ አልተግባቡም። አንዱ አይጥ ነው አለ፣ አንዱ ቁራ፣ የአንዱ አያት ደግሞ ለወፍ ነበር የምታስጠራው። በግድ የወለቀ ጥርስ አይወረወርም፣ የሚወረወረው በጊዜው የረገፈው ነው የሚልም ተነሣ። ይህንን ማን እንደደነገገው አልተናገረም።

23. ቤርሼባ ያለች እናት ጨዋታውን አቆመችው። በልጅነቷ፣ እዚህ አገር ሳለች፣ ተቅማጥ የሚያመጣ የድድ ትል ነው የሚባለው ግግ ወጥቶላታል። እስራኤል ገብታ የጥርስ ሐኪም አፏን ሲከፍት የክራንቻ ጥርሶቿ የት ሄዱ ብሎ ጠየቃት። ምን ብላ ታስረዳው? ራሷም ትልቅ ሰው ሆና ነው የገባት። ጥርሷ ሳይበቅል ከድዷ ተፈልቅቆ ወጥቶ ነበር። እናንተ ስለወደቀ ልጅ ትጨነቃላችሁ፣ እኛን ግን ሆን ብለው ነው የነቀሉን አለች።

24. ግግ እውነተኛ በሽታ ነው፣ እኔ ሦስት ልጆቼን አስወጥቼ ተቅማጣቸው ቆሟል ያለ ሰው መጣ።

25. ደሴ አካባቢ የምትሠራ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ እሳት ጎርሳ መለሰች። ድዱ ላይ ያበጠው ነጭ ነገር ትል አይደለም፤ ገና ያልወጣ የክራንቻ ጥርስ ነው። ተቅማጡ በራሱ ጊዜ ነው የቆመው። በዚያ ዕድሜ ልጅ መዳህ ይጀምራል፣ ያገኘውን ወደ አፉ ይከታል፤ ተቅማጥ የሚይዘው ለዚያ ነው። መድኃኒቱ ኦአርኤስ እንጂ ሹል ብረት አይደለም። ስንት ልጅ ደሙ አልቆም ብሎ፣ ስንቱ መርዞት እንደመጣባት እሷ ናት የምታውቀው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የወተት ጥርስ መንቀልን ከእንጥል መቁረጥ ጋር በስም ጠርቶ ከጎጂ ልማዶች እንደሚቆጥረውም አስታወሰችው። ሰውየው እናንተ የተማራችሁ ሁሉን ትንቃላችሁ አለ። ቀጥሎ የተባባሉትን አስተዳዳሪው አጥፍቶታል፤ ከ26 እስከ 28 ያለው ቦታ ባዶ የሆነው ለዚህ ነው።

እኔ ከሁለቱ በአንዱ ቆሜ ልናገር ካላችሁ፣ ከደሴዋ ጋር ነኝ። አማቴ እንኳ ልጄ የስምንት ወር ሆኖ ሲያስቀምጠው ግግ ይታይ ብላኝ ነበር። እምቢ ያልኩት አውቄ ሳይሆን ፈርቼ ነው።

29. የአንድ የጅማ ሰው መልስ ሁለተኛውን ጭንቀቴን፣ የቋሚውን ጥርስ ነገር፣ ነካው። በሦስት ዓመቱ ከበቅሎ ወድቆ የወተት ጥርሱ ገብቶበት ነበር። ቋሚው ጥርስ ሲበቅል ራሱ ጥርሱ ላይ ነጭና ቡናማ ነጥብ ይዞ ወጣ። አሁን አርባውን አልፏል፤ ሚስቱ ያወቀችው በዚያ ነጥብ ነው ይላል። ሐኪሙም ይህ የሚጠበቅ ነው አለ፤ በተለይ ጥርሱ ወደ ድድ ሲገባና ልጁ ትንሽ ሲሆን። ነጥብ ሊኖረው፣ ቅርጹ ሊጣመም፣ ሊዘገይም ይችላል። አሁን ላይ ግን የሚደረግ ነገር የለም። ይህን ስሰማ እፎይ ልበል ወይ ልዘን አላወቅኩም ነበር።

33. ይህኛው በምሳ ሰዓት የመጣ ነው። አንድ አባት፣ በችኮላ፣ ፊደል እየዘለለ። የሰባት ዓመት ተኩል ልጁ ትምህርት ቤት ወድቃ የፊት ጥርሷ ወልቋል፣ ይህን ክር አግኝቶ አይመለስም የሚለውን አንብቦ መምህሯን ጣሉት ሊላት ነው። ከመድረሱ የሐዋሳዋ እናት ገባች። አትጣሉት፣ ሰፊ ነው ወይስ ትንሽ? ጫፉ መጋዝ ይመስላል? ይመስላል አለ። ሐኪሙ ተከታትሎ ደረሰ። ነጩን ክፍል ብቻ ያዙ፣ ሥሩን አትንኩ፣ አትፈትጉት። በወተት ወይም በንጹሕ ውኃ ለቅለቅ አድርጋችሁ ወደ ቦታው መልሱትና ጨርቅ አስነክሱት። መምህሯ ፈራች። እሺ፣ ወተት ውስጥ፣ በሰዓት ውስጥ የጥርስ ሐኪም ጋ። ከመምህራን ክፍል የማኪያቶ ወተት ተገኘ። ማታ ላይ አባትየው ፎቶ ላከ፤ በቀጭን ሽቦ ታስሮ ገብቷል። ከዚያ በኋላ ሐኪሙና የአዳማው መድኃኒት ሻጭ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ለዚህችኛዋ አንቲባዮቲክ ሊታዘዝላት እንደሚችል።

36. አሁንም ረከቦት።

41. ይህ የኔ ነው። የልጄ የግራ ጥርስ በሁለተኛው ወር የሩዝ ፍሬ ታክል ታየች። በአምስተኛው ወር ከጎረቤቷ እኩል ልትሆን ትንሽ ቀርቷታል። ትንሽ ግራጫ ናት፤ ድዱ ግን ንጹሕ ነው። የቀኙ ቦታ ክፍት ነው፤ ቋሚው እስኪበቅል፣ ማለትም እስከ ሰባት ስምንት ዓመቱ፣ ክፍት ይሆናል። ንግግሩ አልተበላሸም። እንዲያውም በክፍተቱ ማፏጨት ጀምሯል። የወለቀው ጥርስ አሁንም ብልቃጥ ውስጥ ነው። አማቴ ቆርቆሮ ጣሪያ አለኝ፣ አምጪው እያለችኝ ነው።

ልጄን ያየው ያ ሁለተኛው ሐኪም ካርዱ ላይ የዓመቱን ቀጠሮ ጻፈ። ከሥሩ ደግሞ ስድስት ዓመት ሲሞላው ብሎ ሌላ ቀጠሮ ጨመረበት፤ የቋሚውን አመጣጥ ለማየት። ይህን ካርድ እስከዚያ የት እንደማስቀምጠው እዚህ ጠይቄ ነበር። ሦስት መልስ መጣልኝ። ሦስቱም ስለ ረከቦት ናቸው።